ሚልክያስ ለእድሩ የመረጠው ሞተር

ሚልክያስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ነዳ እንጂ የራሴ የሚለው ብስክሌት እንኳ አልነበረውም። ያም ሆኖ ሶዶ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነበር። ሚልክያስ ጫማውን አጥልቆ አብሮ ይሄድና መኪናው ዘንድ ሲደርስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ከዚያ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ጭሱን ይቀበላል፤ መዳፉን ያሸታል። ባለቤቱ ስለ መኪናው የሚለፈልፈውን አንዱንም አይሰማም። በመጨረሻ ገዢውን ወደ ጎን ወስዶ፣ "ይሄ ደክሞታል እንጂ አልታመመም፤ ግዛው" ወይም "ይሄንንስ ተወው፤ ልጆችህን ያስርብብሃል" ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም።

ሙያውን የተማረው ሁምቦ ኮረብቶች ላይ ነው። የተራቆተውን ኮረብታ መልሶ ደን የሚያለብስ ፕሮጀክት ነበር፤ ሚልክያስ በወጣትነቱ ገብቶ ፀጉሩ ከግንባሩ እስኪሸሽ እዚያው ነዳ። ችግኝ ጭኖ ይወጣል፣ ባለሙያ ጭኖ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ምጥ የጠናባትን ሴት ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኝቶ፣ ጉድጓዱን በቀስታ እያለፈ ሶዶ ያደርሳል። አምስት ፒክአፕ በእጁ ላይ አርጅቷል። የትኛው ሞተር በአሥር ሊትር ናፍጣ የት እንደሚያደርስ፣ የትኛው በብርድ ጧት እንደሚያኮርፍ፣ የትኛው ዘይት ጎድሎበትም ሾፌሩን ላለማሳፈር እንደሚጥር ያውቃል። የልጆቹን ጠባይ እንደሚያውቅ ነው የሚያውቀው።

አዲሶቹ መኪኖች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። መኪናው ሲታመም ኮፈኖ የሚከፍት ሰው ቀረና ላፕቶፕ የሚሰካ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሚልክያስን ጠርቶ፣ ስለ አገልግሎቱ በክብር አመስግኖ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ አሰናበተው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሚስቱ ብርሃኔ አትረሳቸውም። ቁጭ ብሎ ዜና ሲያዳምጥ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ማርሽ ትፈልግ ነበር። መኪና የሚያስመርጠው ሰው የመጣ ቀን ብቻ ፊቱ ይበራል፤ ሸሚዝ ቀይሮ ይወጣል። ለምክሩ ገንዘብ አይቀበልም።

"ጆሮዬን የሚፈልግ ሰው እስካለ ድረስ ሥራ አልፈታሁም" ይላታል።

ብርሃኔም አትከራከረውም፤ ሸሚዙን ብቻ ሁልጊዜ ተኩሳ ታስቀምጥለታለች።

የሰፈራቸው እድር መቶ ሰማንያ አባወራ አለው። ቅዳሴ የሚያስቀድሰውም ዝማሬ የሚዘምረውም፣ አያቱ ከሸዋ የመጡበትም እትብቱ እዚሁ ወላይታ፣ ቢጠና የተቀበረውም፣ ሞት ሲመጣ አንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። ያልተሟላላቸው መኪና ነበር። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ሬሳውን የሚያጓጉዘው የኪራይ መኪና አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ከሰል ጭኖ የዋለውን ጀርባውን ሳያጥብ ይመጣል። ባለፈው ዓመት የአንዲት እናት ሬሳ ፀሐይ ላይ መኪና ሲጠብቅ ዋለ። የዚያን ዕለት የእድሩ ዳኛ እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ "በቃ! ከእንግዲህ የሰው መኪና አንለምንም" አሉ። እትዬ የትምወርቅ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ አንዴ ካሉ የማይመለሱ ሴት ናቸው።

ተፈልጎ ተፈልጎ ሁለት ፒክአፕ ተገኘ። ነጩ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ነው። ሞተሩ ሁለት ነጥብ ስምንት ሊትር፣ በናፍጣ የሚሄድ፤ አየር ገፍቶ ጉልበት የሚጨምር ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓው እንኳ በተራ ቁልፍ ተፈትቶ በተራ ቁልፍ የሚታሰር ነው። ሰማያዊው በዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት ያንሰዋል። ሁለት ነጥብ አምስት ሊትር፣ ባለ ተርቦ፣ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ። ቀለሙም ያምራል፤ ወንበሩም ገና አልተቀደደም።

የእድሩ ጸሐፊ ዘሩባቤል ሰማያዊውን ወደደ። ዘሩባቤል የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ለስብሰባ ከረባት ሳያስር አይመጣም።

"ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ የሚያከራክር ነገር የለም" አለው ሚልክያስን በኮሚቴው ፊት። "ተርቦ ያለው ሞተር ትንሽ ጠጥቶ ብዙ ይሠራል።"

"እውነት ነው" አለ ሚልክያስ።

"ታዲያ?"

"ሲታመምስ ማን ያክመዋል?"

"የማይታመም መኪና አለ እንዴ?"

"የለም። እኔ የምጠይቅህ ስለ ሐኪሙ ነው። ናፍጣ ከማደያ ሲጠፋ ከየት ነው የምትገዛው?"

"ከጀሪካን።"

"ጀሪካኑ ውስጥ ምን አለ?"

"እሱንማ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው" አሉ እትዬ የትምወርቅ፤ ኮሚቴው ሳቀ።

"አያችሁ" አለ ሚልክያስ። "አሮጌው ሞተር ውሃም አቧራም ቢቀላቀልበት ያስላል፣ ይተፋል፣ ይሄዳል። የሰማያዊው መርጫዎች ግን ቀጫጭን ናቸው። አንዴ ቆሻሻ ከገባባቸው ሶዶ ውስጥ የሚፈታቸው ሰው የለም፤ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ነው የሚሄደው። እስከዚያ የሞተ ሰው አይጠብቀንም።"

ዘሩባቤል ግን ወሬ ሳይሆን ቁጥር ልይ አለ። ሚልክያስም ደስ አለው፤ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ይወዳል። ሁለቱም መኪኖች እስከ አፋቸው ናፍጣ ይሞሉ፣ እኩል ጭነት ይጫንባቸው፣ የሁምቦን ከተማ ተበላን አልፈው ቆላውን ወርደው ይመለሱ፤ መልሶ ሲሞላ የገባው ናፍጣ የጠጡት ነው ተባለ። ፍርዱ እንዳይዛባ ሁለቱንም የሚነዳው ሚልክያስ ይሆናል፤ ዘሩባቤል አጠገቡ ተቀምጦ ኪሎ ሜትሩን ይጽፋል።

ጭነቱስ? ድንኳኑና ወንበሮቹ ተጫኑ። ሚልክያስ ግን አልበቃውም።

"ወደ ለቅሶ ስንሄድ ሰውም ይጫናል" አለ።

ስለዚህ ኮሚቴው ራሱ ተጫነ። አምስት ሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ካፖርታቸውን ሰበሰቡ፤ እትዬ የትምወርቅን ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው።

"አንተ ዘሩባቤል፣ የእኔን ክብደት ስንት ብለህ ነው የምትጽፈው?"

"እርስዎ የሚነግሩኝን ነዋ፣ እትዬ።"

"ከድንኳኑ በታች ጻፈኝ!"

ነጩ ጧት ወርዶ ተመለሰ፤ ሰማያዊው ቀትር ላይ። ሚልክያስ ሁለቱንም በአንድ ፍጥነት፣ በሰዓት ስድሳ ኪሎ ሜትር ነዳቸው። ከሁምቦ ወደ ሶዶ ያለውን አቀበት ሲወጡ የሙቀት መለኪያውን መርፌ ደጋግሞ አየ፤ በሁለቱም ላይ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌዎቹ ከነጩ ሲወርዱ ወገባቸውን ያዙ፤ ከሰማያዊው ሲወርዱ ግን "ይሄስ ይመቻል" አሉ። ናፍጣው መልሶ ሲሞላ ነጩ ለስድሳ ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ከሩብ፣ ሰማያዊው አምስት ሊትር ከምናምን ጠጥቶ ተገኘ።

"ነጩ በሊትር ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ ሰማያዊው አሥራ ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው" አለ ዘሩባቤል ስልኩን ከፍ አድርጎ። "ጋሼ፣ ምን ይላሉ?"

"ልክ ነው። ሰማያዊው ቆጣቢ ነው። ይሄን የሚክድ ሾፌር አይደለም።"

"ታዲያ ይምረጡዋ!"

እንደ ልማዱ "ግዙ" ወይም "ተዉ" ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ሁሉም ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ግን ልማዱን ረሳ።

"ነጩን ግዙ" አለ። "ነጩ ሬሳ ጭኖ መንገድ ላይ ቆሞ ካሳፈራችሁ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪና አንድም ሰው እንዳይጠይቀኝ። እኔም አፌን አልከፍትም።"

"ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ?" አለ ዘሩባቤል እየሳቀ።

"ይግባ።"

እጅ ወጣ፤ ነጩ አምስት ለሁለት አሸነፈ። ሚልክያስ ማታ ራት ላይ ያለውን ሁሉ ለብርሃኔ ነገራት። ብርሃኔ እንጀራውን እየቆረሰች ቆየችና፣ "የሩት አባት፣ ለብረት ቃል ይገባል?" አለችው። ሩት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት፤ ብርሃኔ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ነጩ ተገዝቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታቸው ብሩ አረፈ። ብሩ ከሚልክያስ ጋር አጥር ለአጥር የሚኖር፣ ገበያ ውስጥ እህል ሲመዝን ያረጀ፣ ድምፁ ከሦስት መንገድ የሚሰማ ሰው ነበር። ለልጁ ለሰርካለም፣ ሁምቦ ውስጥ በተወለደበት ቀበሌ፣ ከእናቱ አጠገብ ቅበሪኝ ብሏት ነበር። እናም የእድሩ ፒክአፕ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ሆነ፤ ሾፌሩም ሚልክያስ።

የዚያን ሰሞን ማደያዎቹ ሁሉ "ናፍጣ የለም" የሚል ካርቶን ሰቅለዋል። ሚልክያስ ሃያ ሊትር ከጀሪካን ገዝቶ፣ በብርሃኔ አሮጌ ነጠላ አጣርቶ ሞላው። ነጠላው ላይ የቀረውን ጥቁር ዝቃጭ ለዘሩባቤል አሳየው። ዘሩባቤል አፍንጫውን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። በዚያች ሰዓት ሚልክያስ፣ ትክክል መምረጤን ይኸው አየ ብሎ በልቡ ትንሽ ኮራ።

አስከሬኑ ተጫነ። ዘሩባቤል ከመሐል፣ ሰርካለም ከዳር ተቀመጡ፤ እትዬ የትምወርቅና ሌላው ለቀስተኛ በሚኒባስ ተከተሉ። አስፋልቱን ነጩ እንደ ወጣት ወረደው። ከተበላ አልፈው ወደ ቀበሌው የሚያስገባው ጥርጊያ መንገድ ጋ ሲደርሱ የቀበሌው ሰው ወጥቶ፣ መንገዱን ሞልቶ ይጠብቃል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠዋል። ሰርካለም እነሱን ስታይ በሩን ከፍታ ወረደች፤ አክስቷ፣ የብሩ ታላቅ እህት፣ አቅፋ ከመሐል አስገባቻት። አንድ ሽማግሌ ወደ ሚልክያስ መስኮት ቀረቡ።

"ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ በእግር ነው። አንተ ከኋላ ከኋላ ተከተል። ሴቶቹን እንዳታልፍ።"

"እሺ አባቴ። ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?"

"ስድስት ቢሆን ነው። ግን አቀበት ነው።"

ሚልክያስ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ተነሣ። ለቅሶው ከፊት ይወጣል፤ እሱ ከኋላ ይንፏቀቃል። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደው ዓይኑ ወደ ሙቀት መለኪያው መርፌ ሄደ። መርፌው ከመሐል ወጥቷል።

ያን ጊዜ ነው የገባው። የነጩ ማራገቢያ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር የታሰረ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሞተሩ ሲያዘግም ያዘግማል። መንገድ ላይ ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። እዚህ ግን መኪናው ከአሮጊት እግር አይቀድምም፤ ነፋስ የለም፤ ማራገቢያውም ያንቀላፋል። የሰማያዊው ማራገቢያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ መኪናው ቢቆምም ቢንፏቀቅም በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል። ሚልክያስ ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ኮፈኖውን ከፍቶ አይቶ አልፎታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳው ሰው ለማድረስ ነበር፤ ችግኙ እንዳይጠወልግ፣ ምጧ እንዳይቀድም፣ ባለሙያው ስብሰባ እንዳያልፈው። ሰው እያለቀሰ ፊት ለፊቱ በእግሩ ሲሄድ ተከትሎ ነድቶ አያውቅም። በፈተናውም ቀን ኮሚቴውን ጭኖ ሮጠ። ኮሚቴውን አውርዶ፣ "እስቲ በእግራችሁ ቅደሙኝ" ማለት አልመጣለትም። የእድር መኪና ዋና ሥራው ግን ይኸው ነው።

እጁን ሰድዶ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ ጫፍ ከፈተው። ትኩስ አየር ከእግራቸው ሥር ተነሣ። ዘሩባቤል መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

"ጋሼ፣ ብርድ ይዞዎታል እንዴ?"

"አልያዘኝም።"

"ማሞቂያ ነው እኮ የከፈቱት!"

"አውቃለሁ። የሞተሩን ሙቀት ወደ እኛ እየሳብኩት ነው። እሱ ከሚቀቀል እኛ እንቀቀል።"

ዘሩባቤል ወደ መርፌው አየ። የፊዚክስ መምህር አይደለም? ወዲያው ገባው። ኮቱን አወለቀ፤ ከረባቱን ፈታ።

"በለው እንጂ" አለ ሚልክያስ።

"ምን ልበል?"

"ተሳሳቱ በለኝ። ሰማያዊው ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ ላይ አይግልም ነበር። ማራገቢያው በኤሌክትሪክ ነው። አይቼው ነበር፤ ግን ለምን እንደሚጠቅም አላሰብኩም።" ይህንን ሲናገር ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። "ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን አንተ ቁጥሩን በሐቅ ነው የጻፍከው፤ እኔም በሐቅ ልንገርህ።"

ዘሩባቤል ላቡን በመሐረብ ጠረገ። መርፌው ቀዩን መስመር ሊነካ የጣት ውፍረት ቀረው። ገና አራት ኪሎ ሜትር አለ።

"አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?" አለ ዘሩባቤል። ድምፁ ላይ ፌዝ አልነበረም።

"ሁለት ነገር። ወይ ቆመን ማብረድ፤ ወይ ይህቺን መሳብ።" ሚልክያስ ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን አጭር ዘንግ ነካት። "ይህቺ ለጭቃና ለገደል የምትገባ ናት። እሷ ከገባች መኪናው እንዲሁ እያዘገመ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፤ ማራገቢያውም አብሮ ይነሣል። ግን ለማስገባት መቆም አለብኝ። ከገባች በኋላ ደግሞ ይጮሃል። ለቅሶ ላይ እንዲህ የሚያጓራ መኪና ይዤ..."

"እኔ ወርጄ ልንገራቸው?"

"አይሆንም። የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ለቀስተኛው መንገዱ ትንሽ ሰፋ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ሚልክያስ ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አላጠፋም፤ የጋለ ሞተር በድንገት እንደማይጠፋ ያውቃል። ወርዶ በሕዝቡ መሐል አለፈ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። የብሩ እህት ዘንድ ሲደርስ ጎንበስ አለና በወላይትኛ ተናገረ።

"እናቴ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መኪናው ግሏል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለእንዲህ ያለ አካሄድ አልፈተንኩትም። ካልቆምን ወይም ድምፁ ካልጮኸ አይደርስም።"

አሮጊቷ በእንባ በራሰ ዓይናቸው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"መቆም ይቻላል እንዴ?" አሉ።

"እንዴት?"

"መኪናው ከኋላችን ስለሚገፋን ነው እንጂ እኛማ ጉልበታችን ካለቀ ቆየ! ከመኪና ፊት ቆመን ብንገኝ ሹፌሩ ይቆጣል ብለን ነው የምንወጣው።" ወደ ሌሎቹ ሴቶች ዞሩ። "ሰማችሁ? እሱ እኛን ፈርቶ፣ እኛ እሱን ፈርተን!"

ከሴቶቹ አንዷ ለቅሶዋ መሐል ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሰርካለምም በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ።

"ድምፁስ፣ እናቴ? ይጮሃል እኮ።"

"ይጩህ! ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ገበያ መሐል የኖረ ሰው ነው። ጸጥ ብላችሁ ብትወስዱት መች ይወዳል?"

ሴቶቹ የመንገዱ ዳር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ውሃ መጣ፤ ተቀባበሉት። ሚልክያስ ወደ መኪናው ተመልሶ ኮፈኖውን ከፈተ፤ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ሳብ አድርጎ ማራገቢያው ጠንከር ብሎ እንዲዞር አደረገ። መርፌው መጀመሪያ እንደ ግትር ልጅ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። አጭሯን ዘንግ ሳበ፤ ገባች። ሴቶቹ ተነሡ፤ ነጩ እያጓራ ተከተላቸው። በየዛፉ ጥላ እየቆሙ፣ እያረፉ፣ እያለቀሱ ወጡ። መርፌው ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ ከመሐል አላለፈም። ማሞቂያው ግን ቀብሩ ቦታ እስኪደርሱ አልተዘጋም፤ ዘሩባቤል ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ የእድሩን የስም መዝገብ እንደ ማራገቢያ ሲያወዛውዝ ደረሰ።

ብሩ ከእናቱ አጠገብ ገባ። ጸሎቱ ተደርጎ ሰው ንፍሮ ሲቀማምስ፣ ሚልክያስ ኮሚቴው ወደ ተቀመጠበት ሄደ። እጁን አጣምሮ ቆመና የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ማራገቢያውን፣ መርፌውን፣ ሰማያዊው ቢሆን ኖሮ ያለውን ሁሉ አልደበቀም።

"እና ቃሌ ቃል ነው" አለ። "ከእንግዲህ ስለ መኪና አልናገርም።"

እትዬ የትምወርቅ ንፍሮውን እያላመጡ አዳመጡት።

"መንገድ ላይ ቆሟል?"

"እኔ አቆምኩት እንጂ እሱ አልቆመም።"

"ብሩስ ገብቷል?"

"ገብቷል።"

"ሬሳው አፈር ሳይለብስ የተሸማቀቀ ሰው አለ?"

"የለም። እኔ ብቻ ነኝ።"

"እንግዲያ የአንተን ለሚስትህ ንገራት። እኛን ለምን ታደክመናለህ? ተቀመጥና ብላ።"

ዘሩባቤል ጉሮሮውን ጠረገ። ሚልክያስ አሁን መጣብኝ አለ በልቡ።

"እኔም የምናገረው አለኝ" አለ ዘሩባቤል። "ጋሼ ሰማያዊው አይግልም ነበር ያሉት ልክ ነው። ግን ሰማያዊው ዛሬ ጧት ከሶዶ አይወጣም ነበር። ነጠላው ላይ የቀረውን ዝቃጭ አይቼዋለሁ፤ ነጠላውን አልፎ የገባው ብቻ የእሱን መርጫ ይደፍነው ነበር። እና ማን ተሳሳተ ብዬ ስሠራው አልወጣልኝም።" ወደ እትዬ የትምወርቅ ዞሮም፣ "አንድ ነገር ግን ይወሰንልኝ። የሚመጣው እሑድ ጋሼ እኔን ማሽከርከር ያስተምሩኝ። እድሩ ሁለተኛ ሾፌር ያስፈልገዋል፤ ይህቺን አጭር ዘንግ መቼ እንደምትሳብ መጽሐፍ ላይ አላገኘኋትም" አለ።

"ከረባትህን አውልቀህ ነው የምትመጣ" አለ ሚልክያስ።

ሳቁ ያመለጠው ከራሱ አፍ ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ከዚያ ቁጭ አለ። ንፍሮውንም ተቀበለ። ለካ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሁለት እፍኝ በላ፣ ሦስተኛም ጨመረ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ሰርካለም ጋቢና ገባች። ዘሩባቤል ነፋስ ናፍቆኛል ብሎ ከኋላ ወንበሮቹ ላይ ወጣ። ሚልክያስ ማሞቂያውን ዘጋ፤ አጭሯን ዘንግ መለሰ። ጥርጊያውን እንደጨረሱ ሰርካለም ራሷ ዘንበል አለ። ሦስት ቀን ዓይኗ ያልተከደነ ልጅ፣ የሞተሩ ድምፅ እንደ እሹሩሩ ሆነላት መሰል፣ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ እንደ ሕፃን ከፈት አለ። ሚልክያስ በግራ እጁ መሪውን ይዞ በቀኙ ኮቱን ከጀርባው ሳበና ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገላት።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ቀኑ በርዷል፤ የዳሞታ ተራራ ከሩቅ ይታያል። ነጩ ለመሮጥ ዝግጁ ነው። ሚልክያስ ግን አላስሮጠውም፤ ጉድጓድ ሲያይ ከሩቁ ይሸሻል፣ ማርሽ ሲቀይር እንቁላል እንደያዘ ሰው ይቀይራል። አቀበቱን ሲጀምሩ የጋቢናው ጣሪያ ላይ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዘሩባቤል ከላይ አጎንብሶ በሚልክያስ በኩል ባለው መስኮት ራሱን አስገባ።

"ጋሼ፣ ምነው ቀሰስ አሉ? መኪናው ምን ሆነ?"

ሚልክያስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"መኪናው ደህና ነው" አለ በሹክሹክታ። "ልጅቷ ተኝታለች።"